ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ሳንባ በምን ይለካል?

የኮምቦልቻዋ እህታችን በ31 ሳምንት የተወለደ ልጇ ኦክስጅን ላይ ቆይቶ አሁን ከሙቀት ክፍል ወጥቶ ቤት ገብቷል። «ሳንባውን በማሽን ላስለካው ወይ?» ብላ ጠይቃለች። አብሽሪ እህቴ። ደሴ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

የሰማሽው ማሽን ስፓይሮሜትሪ ይመስለኛል። እሱ «አየር ሳብ፣ በኃይል ንፋ» እየተባለ ነው የሚሠራው። 5 ወይም 6 ዓመት ገደማ ያልደረሰ ልጅ ይህን አይችልም። ለጨቅላ የሚሆን መለኪያም በዓለም ላይ አለ። ግን ብዙውን ጊዜ ልጁን በመድኃኒት አስተኝተው ነው፣ ያውም በጥቂት ትልልቅ ማዕከሎች። ለሱ ብለሽ አትንከራተቺ።

እኛ የምንለካው በዓይንና በሰዓት ነው። ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ እንቆጥራለን። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት እዚህ አይሠራም፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች አተነፋፈስ ወጥ አይደለም። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሱና ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። እናቶችን የሚያስደነግጠው ይሄ ነው፤ ለሕፃናቱ ግን የተለመደ ነው። ዝምታው 20 ሰከንድ ከደረሰ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ድንገተኛ ነው።

ልጁ ለመተንፈስ ምን ያህል እንደሚታገል የምናይበት ሲልቨርማን የሚባል ነጥብም አለ። ደረትና ሆዱ አብረው ይነሳሉ? የጎድኑ መሃል ወደ ውስጥ ይገባል? አፍንጫው ይነፋል? ያቃስታል? እያልን 5 ምልክት እናያለን፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 እንሰጣለን። የፈተና ውጤት እንዳይመስልሽ፣ እዚህ 0 ያገኘ ነው ጎበዙ።

እግሩ ላይ የሚታሰረው ኦክሲሜትር ደግሞ የደሙን ኦክስጅን ያነባል። ኦክስጅን ላይ ላለ ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ90 እስከ 95 በመቶ ነው። ኦክስጅኑ ሲበዛ ዓይኑን ይጎዳል። ቁጥሩን ከቦታው ጋር እዪው፦ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲደርስ፣ ከፍታው ስለጨመረ ቁጥሩ ትንሽ ቢወርድ ሳንባው ታመመ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ለሐኪሙ ግን ንገሪው።

ቤት ውስጥ ተኝቶ ሳለ ቁጠሪ። በደቂቃ ከ60 በላይ ሆኖ ከቀጠለ፣ ደረቱ ከተሰረጎደ ወይም ጡት እምቢ ካለ ሳትውዪ ሳታድሪ ውሰጂው። አተነፋፈሱን በስልክ ብትቀርጪው ለሐኪም ትልቅ እገዛ ነው። ክብደቱንም ተከታተይ፤ ለመተንፈስ የሚታገል ልጅ ኪሎ አይጨምርም። ደግሞ ጭስ! ቡናው ይፈላ፣ ዕጣኑና ከሰሉ ግን ልጁ ካለበት ክፍል ይውጣ። አክስቶች ቢቀየሙም ይቀየሙ።

ኦክስጅን ላይ ስለቆየ የዓይን ምርመራ ተደርጎለት እንደሆነ ጠይቂ፤ ካልተደረገለት ቀጠሮ አስይዢ።