ጥያቄና መልስ፦ ትልቅ ፕሮፔለር ባስገባ ጀልባዬ ጭራሽ ቀዘቀዘች

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ፍራንክፈርት ነው ያለሁት። 70 ሳንቲ ሜትር የምትሆን የሪሞት ጀልባ አለችኝ፣ ሞተሯ ባለ ካርቦን (ኤሌክትሪኩን በካርቦን ቁራጭ የሚቀበል) 540 የሚባለው መጠን ነው ባትሪዋ 7.2 ቮልት። 40 ሚሊ ሜትር ፕሮፔለር ነበራት፣ ትፍጠን ብዬ 45 ቀየርኩላት። 4 ደቂቃ እንኳን ሳትሄድ ፍጥነቷ ቀነሰ፣ ሞተሩን ስነካው እጄን ለበለበኝ። ከውሃ አውጥቼ ስሞክራት ግን እንደ ጉድ ነው የምትሽከረከረው። ሞተሩ ተበላሽቶ ነው? ከፍ ያለውን 550 ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ ብርህን ያዝ፣ ሞተሩ (ካልጨረስከው በቀር) ደህና ነው። ምን መሰለህ፣ ፕሮፔለር ጭነት ነው። ትልቅ ጋሪ ስለቀየርክለት የሚፈጥን ፈረስ የለም አይደል? ከውሃ ውጪ የሚሽከረከረው እኮ ባዶ ጋሪ እየጎተተ ስለሆነ ነው፣ እሱን አይተህ ምንም መፍረድ አትችልም።

በቁጥር እንየው። ቅርጹ አንድ ዓይነት የሆነ ፕሮፔለር በዛው ዙር ልክ ሲሽከረከር የሚፈልገው ጉልበት በዲያሜትሩ 5ኛ ፓወር ነው የሚያድገው። 45 ለ40 ሲካፈል 1.125 ነው፣ እሱን 5 ጊዜ በራሱ ስታባዛው 1.8 ይመጣል። 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ጨመርኩ ያልከው ሞተሩን 80 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት አምጣ ነው ያልከው ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ስለማይችል ዙሩን ይቀንስና ተጨማሪ አምፒር ከባትሪው ይስባል፣ አምፒር እጥፍ ሲሆን ደሞ በሽቦው ላይ ያለው ሙቀት 4 እጥፍ ነው፣ ጣትህን ያቃጠለህ እሱ ነው። በተቃራኒው 35 ብታስገባ ከ40ው ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የባለ ካርቦን ሞተር ጠባይ ደግሞ እንዲህ ነው፣ ያለ ጭነት ከሚዞረው ዙር 80 በመቶ አካባቢ ላይ ሲሠራ ደስ ይለዋል፣ ዙሩ ግማሽ ላይ ሲወርድ ከፍተኛውን ጉልበት ይሰጥሃል ግን ከባትሪው ከሚወስደው ከግማሽ በላዩ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አንተ ወደዛ ነው የገፋኸው።

ስለዚ 40ዋን መልስና አምፒሩን ለካ። ተራ ቴስተር አብዛኛው ከ10 አምፒር በላይ አይችልም፣ ዋት ሜትር ወይም ዲሲ (የባትሪ ኤሌክትሪክ) የሚለካ ክላምፕ፣ ሽቦውን ከውጭ አቅፎ የሚለካውን፣ ፈልግ። ጀልባዋን ገንዳ ውስጥ ይዘህ ሙሉ ጋዝ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ፣ ተይዛ ስትለካ በሩጫ ላይ ከምትስበው ከፍ እንደሚል እያወቅህ። ተራ 540 ከ10 እስከ 13 አምፒር ቢሆን ደስተኛ ነው፣ ከ20 ካለፈ ፕሮፔለሩን አሳንስ። የመኪና ፊውዝ በባትሪውና በሞተሩ መሃል አስገባበት፣ ከሞተር ይረክሳል። ከዛ በፊት ግን ሻፍቱን (ሞተሩን ከፕሮፔለሩ የሚያገናኘውን ዘንግ) በእጅህ አዙረው፣ ከሞተሩ ጋር ቀጥ ብሎ ካልተገጠመ ወይም ቱቦው ውስጥ ግሪሱ ደርቆ ከሆነ ፕሮፔለሩን በከንቱ ነው የምትወቅሰው፣ እኔ አንድ ክረምት ሙሉ እንደዛ ስለፋ ከርሜያለሁ። እና ባትሪውን ወደ 11.1 ቮልት ላሳድገው እንዳትል! ዙሩ 1.5 እጥፍ ሲሆን ፕሮፔለሩ የሚጠይቀው ከ3 እጥፍ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። የ13 ዓመት ልጄ ከአሮጌ የባትሪ ድሪል ሞተር አውጥቶ ጀልባ ሠራ። ወደ ኋላ ስለሄደችበት ሽቦዎቹን አቀያየረ፣ አሁን ወደፊት ትሄዳለች ግን ካርቦኑ ጋ ብልጭታ ይበዛል ይሸታልም። አደጋ አለው?

መልስ፦ እህቴ በመጀመሪያ ልጁን ጎበዝ ይበሉልኝ። አንዳንድ ሞተር ካርቦኑ ከመሃል ትንሽ ዞር ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ ባንድ አቅጣጫ ጥሩ እንዲሮጥ። ገልብጠው ሲያዞሩት አምፒር ይበላል ብልጭታውም ይበዛል። ማጣሪያው ቀላል ነው፣ ፕሮፔለሩን ፈትቶ በሁለቱም አቅጣጫ ባዶውን ያዙረውና አምፒሩን ያወዳድር። እኩል ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው፣ ያለቀ ካርቦን ወይም የጠቆረ ኮሙቴተር (ካርቦኑ የሚነካው፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ክብ መዳብ) ይሆናል። ከተለያየ ሽቦውን ወደ ድሮው መልሶ በግራ የሚዞር ፕሮፔለር ይግጠምለት። አደጋውስ ላሉት፣ ከሸተተ ያቁመው፣ የሸተተው የሽቦው ቫርኒሽ ከሆነ አይመለስም። ፕሮፔለሩ ጣት ይቆርጣል፣ ስለዚ ባትሪ ተሰክቶ እያለ እጁን እንዳያስጠጋ።

ጥያቄ፦ አዲስ ሞተር ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ ማሟሸት ይሻላል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ይሠራል፣ ግን እኔ አልወደውም። ምጣድ እንደሚሟሸው ሞተርም ይሟሻል፣ ጠፍጣፋው ካርቦን የኮሙቴተሩን ክብ ይዞ እስኪቀመጥ ማለት ነው። ውሃው ፈጠን ያደርገዋል፣ ካላደረቅከውና ዘንጉ የሚዞርበትን ቡሽ ዘይት ካላጠጣኸው ግን በማግስቱ ዝገት ነው። ያለ ፕሮፔለር በ2 ወይም 3 ቮልት አንድ ሁለት ሰዓት ዝም ብለህ አዙረው፣ ከዛ ካርቦኑን አውጥተህ እየው። ፊቱ ከዳር እስከ ዳር ካበራ በቃው፣ መሃሉ ብቻ ካበራ ገና ነው መልሰው።