ሰሜን ተራሮችን መቼ እንውጣ? ስለ መንገዱና ስለ ወቅቱ ጥያቄና መልስ

ደባርቅ ነው ያደግኩት። ከከተማዋ እስከ ራስ ደጀን ያለውን መንገድ በጭቃውም በአቧራውም ስመላለስበት ቆይቻለሁ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስልኬ አያርፍም። ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «መንገዱ እንዴት ነው?» ዘንድሮ የመጡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ እመልሳለሁ።

በቅድሚያ ከፍታዎቹን ያዙልኝ፤ ደጋግሜ አነሳቸዋለሁ። ደባርቅ 2,850 ሜትር አካባቢ ናት። የማደሪያ ሰፈሮቹ ሳንካበር 3,250፣ ግጭና ጨነቅ ሁለቱም 3,600 ገደማ ናቸው። ከጨነቅ በላይ ያለው የቧሂት ጫፍ 4,430 ይደርሳል። ከዚያ መንገዱ ወደ መሸሃ ወንዝ፣ እስከ 2,800 ድረስ ይወርድና እንደገና ወደ አምቢቆ መንደር፣ 3,200 ላይ ይወጣል። ራስ ደጀን 4,550 አካባቢ ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው የቆጠሩት አባቶቻችን ከደጋ በላይ ያለውን «ውርጭ» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን። መስከረም ሁለተኛው ሳምንት ላይ ልንወጣ አስበናል። እስከዚያ ዝናቡ ያበቃል አይደል?

መልስ፦ ዝናቡ ይቀንስ ይሆናል። መንገዱ ግን ገና አይደርቅም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ አደይ ሲፈነዳ ክረምቱ የወጣ ይመስለናል። ተራራው ላይ ግን ክረምቱ ከሰማይ ቢወጣም ከመሬቱ ለመውጣት ተጨማሪ ሦስት አራት ሳምንት ይፈልጋል። አፈሩ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ የጠጣውን ውሃ በአንድ ጊዜ አይለቅም።

ከሳንካበር ወደ ግጭ ስትሄዱ ወደ ጅንባር ወንዝ የሚያወርድ ቁልቁለት አለ። መስከረም ላይ ሁሌ የምፈራው እሱን ነው። ክረምቱን ሙሉ የተመላለሱ በቅሎዎች ኮቴያቸው መሬቱን በስቶታል። እያንዳንዱ ጉድጓድ ውሃ ቋጥሯል። በላዩ ላይ ሣር ስለሚበቅል አይታይም። እግራችሁ እስከ ቁርጭምጭሚት ሰጥሞ ሲወጣ ጫማው ላይ የተለጠፈው ጭቃ ብቻውን ኪሎ ይመዝናል። አስታ የሚባለው ዛፍ ሥሩም እርጥብ ነው፤ ከረገጣችሁት ያንሸራትታል። ከጭቃው ይልቅ ሰው የሚጥለው እሱ ነው።

በምትኩ የምታገኙት ነገር አለ። የጅንባር ፏፏቴ ሞልቶ ገደሉን ሲወርድ የሚታየው ያኔ ነው። ጥር ላይ ብትመጡ ቀጭን ክር ሆኖ ነው የምታገኙት። ስለዚህ ቀኑን መቀየር ካልቻላችሁ ጉዞውን አሳጥሩት። ሳንካበር፣ ግጭ፣ ከዚያ እሜት ጎጎ የሚባለው አፋፍ ደርሳችሁ ተመለሱ። ራስ ደጀንን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። መቀየር ከቻላችሁ ደግሞ መስቀልን እቤት አክብራችሁ፣ ሁለት ሳምንት ጨምራችሁ ውጡ።

ጥያቄ፦ በአጭሩ፣ ምርጡ ወር የቱ ነው?

መልስ፦ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ። ጭቃው ጠንክሯል፣ ጓሳ የሚባለው ሣር ገና አልደረቀም፣ አየሩም በዝናብ የታጠበ ነው። እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ቆላውን ቁልጭ አድርጋችሁ የምታዩት በእነዚህ ሳምንታት ነው።

ጥያቄ፦ ጥምቀትን ጎንደር አክብረን በማግሥቱ ወደ ተራራው መሄድ እንፈልጋለን። ስለ ብርዱ ብዙ ሰማን። እውነት ያን ያህል ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ቀኑ ያታልላችኋል። ጥር ላይ እኩለ ቀን ጨነቅ በሸሚዝ ያስኬዳል፣ ፀሐዩ ፊት ይልጣል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ቅዝቃዜው ቀስ ብሎ አይመጣም፤ ይወርድባችኋል። ሌሊቱን ከዜሮ በታች ይገባል።

ግጭ ላይ ያደረ ሰው ጠዋት የሚያየውን ልንገራችሁ። ጓሳው በሙሉ ነጭ ነው። ስትረግጡት ቀጭን ብርጭቆ እንደሚሰበር ኮሽ ይላል። ከድንኳኑ ውጭ የተረሳ የውሃ ኮዳ በረዶ ሆኖ ይገኛል። ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ የራሳችሁ ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ቀዝቅዞ፣ ሸራውን ስትነኩት ፊታችሁ ላይ ይረግፋል። ፀሐይ ወጥታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ይቀልጥና ጓሳው መልሶ ቢጫ ይሆናል።

ከላይ ከምትለብሱት ይልቅ ከታች ለምታነጥፉት አስቡ። ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው። ስስ ፍራሽ ላይ ውድ ስሊፒንግ ባግ ይዞ ሲንቀጠቀጥ ያደረ እንግዳ አይቻለሁ። በደረቅ ካልሲ ተኙ፤ ቀን የሄዳችሁበት ካልሲ በላብ እርጥብ ነው። ስልክና ፓወር ባንክ ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ አስገብታችሁ ተኙ፣ ብርድ ባትሪ ይበላል። ከመተኛታችሁ በፊት ኮዳችሁን በሙቅ ውሃ ሞልታችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት። ሌሊት ያሞቃችኋል፣ ጠዋት ደግሞ ትጠጡታላችሁ።

ጥያቄ፦ የእኔ እረፍት ሐምሌ ላይ ብቻ ነው። እብደት ነው?

መልስ፦ እብደት አልለውም። ግን ራስ ደጀን ድረስ አትሂድ ወንድሜ።

ምክንያቴ መሸሃ ነው። ከዓመታት በፊት በሐምሌ ሁለት እንግዶች ይዤ አምቢቆ አደርን። ስንሄድ ወንዙን ጠዋት ተሻግረነዋል፤ ከጉልበት በታች ነበር። በመልስ ጉዞ አርፍደን ተነሳንና ወንዙ ዳር ስንደርስ 9 ሰዓት አልፏል። እኛ ያለንበት ጠብታ አልጣለም። ላይ ግን ዘንቦ ኖሯል። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው፤ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ከውሃው ሥር ጉርምርም ይላል። ውሃው ቡና መስሏል። ባለበቅሎው አንዴ አይቶ ጭነቱን ማራገፍ ጀመረ፣ አንድም ቃል አልተናገረም። ያን ሌሊት ያደርነው ሽቅብ ተመልሰን አንድ ገበሬ ቤት ነው። ገብስ ቆልተው አበሉን። ሌሊቱን ጋብ አለና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተሻገርን፤ ወንዙ እንደገና ከጉልበት በታች ሆኖ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማርፈድ አልነበረብኝም። የክረምት ሕጉ ግልጽ ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ ሥራችሁን ሁሉ እስከ 6 ሰዓት ጨርሱ። ከዚያ በኋላ አፋፍ ላይ አትገኙ፤ መብረቅ አለ። በረዶም ይጥላል። ጉሙ ደግሞ ከቆላው ተነስቶ በደቂቃዎች ውስጥ ገደሉን ይሸፍነዋል። ገደል የማይታይበት መንገድ ላይ ሁለት እርምጃ ከዱካው መውጣት አይፈቀድም። ሳንካበር አካባቢ ሁለት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ብትራመድ ግን ሐምሌም የራሱ ውበት አለው።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ነው የምመጣው፣ ዕድሜዬ 52 ነው። ስድስት ቀን ይበቃኛል? ከፍታው ያስፈራኛል።

መልስ፦ መፍራትዎ ጥሩ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሳያውቀው በ2,400 ሜትር ላይ ስለሚኖር ትንሽ ቀድሞዎታል። እርስዎ የሚነሱት ከባሕር ወለል አጠገብ ነው። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን እቤትዎ ከሚያገኙት ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ስድስቱ ቀን የሚበቃው ከዚያ በፊት ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ቀን ካረፉ ነው። ከዚያ ሳንካበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያሉ በየደረጃው ይደሩ። የማልወደው አንድ አካሄድ አለ። ጠዋት ከጎንደር በመኪና ተነስቶ በዚያው ቀን ጨነቅ ገብቶ መተኛት። መንገዱ ስላለ ብቻ ሰው ያደርገዋል። ሌሊት ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ይከተላል። እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ወደ ላይ መቀጠል የለም። እዚያው ያርፉ። ካልተሻለዎት፣ በተለይ መንገዳገድ ወይም ተቀምጠው ሳለ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ይውረዱ። መድኃኒቱ መውረድ ነው። የልብ ወይም የደም ግፊት ክትትል ካለዎት ደግሞ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ምግብ እኛው ልናበስል ነው። ምስርና ባቄላ ብንይዝ?

መልስ፦ ተዉት እህቴ። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይንተከተካል እንጂ ቶሎ አያበስልም፤ ምስሩና ባቄላው እስኪበስል ጋዛችሁ ያልቃል። ሽሮ ያዢ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ደግሞ እሳት አይፈልጉም።

ጥያቄ፦ መጋቢትና ሚያዝያስ? ደረቅ ስለሆነ ለመራመድ ይሻላል አሉኝ።

መልስ፦ እግር ሥር ይሻላል፣ ዓይን ግን ይቀራል። አቧራና ጭጋግ ቆላውን ይሸፍነዋል። ምንጮችም ስለሚቀንሱ ከሰፈር ስትነሱ ሦስት ሊትር ውሃ ያዙ። አልፎ አልፎ የበልግ ዝናብ ጣል ያደርጋል። ቁልቁለት ላይ ደቃቅ ጠጠሩ እንደ ጥራጥሬ ይንሸራተታልና ምርኩዝ ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማሳስባችሁ እሳት ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የተነሳው ቃጠሎ ዛሬም ከልቤ አልወጣም። ጓሳውና አስታው እንደ ክብሪት ነበር የሚያያዘው። ገደሉ ስለማያስጠጋ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር እየታገለ ሊቆጣጠረው አልቻለም። ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ከእስራኤል እስኪመጡ ድረስ ተራራው ሲጨስ ከረመ። ስለዚህ በደረቁ ወራት ሲጋራ የሚያጨስ ቁራጩን ቆርቆሮ ውስጥ ይክተት። የእንጨት እሳት አታንድዱ። እባካችሁ።

ጥያቄ፦ ዋልያ ለማየት ወቅቱ መቼ ነው?

መልስ፦ ዋልያን ዓመቱን ሙሉ፣ ጨነቅ፣ ጠዋት ወይም አመሻሽ። ጭላዳን ደግሞ ሳትፈልጉት ታገኙታላችሁ። ቀይ ቀበሮ ዕድል ነው። ጅብራ የሚባለው ግዙፍ ተክል አበባ አውጥቶ ካያችሁ ቆም በሉ፤ ለብዙ ዓመት ኖሮ በዕድሜው አንዴ ብቻ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል።

ጥያቄ፦ አዲስ ጫማ ልግዛ?

መልስ፦ ግዛ፣ ግን ከመምጣትህ በፊት አንድ ወር ልበሰው።

ጥያቄ፦ ስካውት (መሣሪያ የያዘ አጃቢ) የግድ ነው? አሁን ፀጥታው እንዴት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግባችሁ ስካውት ይዛችሁ ነው የምትገቡት። ፀጥታውን በተመለከተ፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ምክንያት መንገዱ የሚከፈትበትም የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። ከወር በፊት የሰማችሁት ወሬ ዛሬ አይሠራም። በሳምንቱም፣ በዋዜማውም ደባርቅ ላለ ሰው ደውሉ። «ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ። የቤተሰቤ እንጀራ ከእንግዳ ነው የሚገኘው፤ እንዲያም ሆኖ ሰው እንዲቀር የመከርኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ከአምቢቆ ራስ ደጀን ስንት ሰዓት እንነሳ? መመለስ ያለብንስ መቼ ነው?

መልስ፦ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሱ። ደርሶ መልስ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይፈጃል። መጨረሻው ላይ በእጅ እየተያዘ የሚወጣ አለት አለ። ውርጭ ካደረበት ፀሐይ እስክትነካው ጠብቁ። ደርሳችሁ ስትቆሙ ማዶ ያለው ጫፍ ከናንተ የሚበልጥ ይመስላችኋል፤ ዓይን ነው፣ አትጠራጠሩ። በደረቁም ወራት ቢሆን 6 ሰዓት ላይ ጫፉ ላይ ካልሆናችሁ ዙሩ።

ጥያቄ፦ ለባለበቅሎዎቹ ምን ይዘንላቸው ብንሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ይህን የጠየቅከኝ አንተ ብቻ ነህ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ባለበቅሎው ጥር ላይ አንተ ድንኳን ውስጥ ስትሆን እሱ ብዙ ጊዜ በጋቢ ብቻ፣ በቅሎዎቹ አጠገብ ነው የሚያድረው። ስትነሳ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ሰፊ ላስቲክ ከደባርቅ ገበያ ግዛ። ማታ ስጠው፤ ስትመለስም አትቀበለው።