«ሱን» መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከቤታችን ፊት ለፊት ያለ ሕንፃ ላይ «ካሚንግ ሱን» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ካፌ ሊከፈት ነው ተባለ። ባነሩ ሁለት ክረምት ዝናብ መትቶት ቀለሙን ለቀቀ፤ ካፌው ግን የለም። ሰባተኛ ክፍል ያለው ታናሽ ወንድሜ «ሱን ምን ማለት ነው?» ሲለኝ «በቅርቡ» አልኩት። ሳቀብኝ። ቃሉ ከየት ነው የመጣው? ድሮም እንዲህ ነበር?
መ. ከደብረ ሲና

መልስ፦ ልጄ፣ አንቺም ልክ ነሽ፣ ወንድምሽም መሳቁ ልክ ነው።

«ሱን» በጣም ያረጀ ተውሳከ ግሥ ነው። ከ1,000 ዓመት በፊት በነበረው እንግሊዝኛ «ሶና» ይባል ነበር። ያኔ ትርጉሙ «ወዲያው፣ አሁኑኑ» ነው። «ሶና እመጣለሁ» ያለ ሰው ከወንበሩ ብድግ ብሏል ማለት ነው። ታዲያ ቃሉን ማን አዘገየው? ሰው ነዋ! ተናጋሪው «ወዲያው» እያለ ሲቆይ፣ ሰሚው መቆየቱን ለመደ። እንዲህ እንዲህ እያለ «ወዲያው» የነበረው ቃል «ትንሽ ቆይቶ» ሆኖ ቀረ።

ይህን ለማየት እንግሊዝ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ይበቃል። ባለፈው ኅዳር ወደ እናንተ ከተማ ልወርድ በጠዋት ወጣሁ። አመዳዩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል። ረዳቱ «ደብረ ሲና አንድ ሰው! አሁን ነው የምንወጣው!» ይላል። ሮጬ ገባሁ። ውስጥ ያሉት ሦስት ናቸው። እኔ ከገባሁ በኋላም «አንድ ሰው!» ቀጠለ። ጋቢዬን ተከናንቤ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅሁ። የሚገርመው ደግሞ፣ ደብረ ሲና የሚጠብቀኝ ዘመዴ ሲደውል እዚያው መናኸሪያ ቁጭ ብዬ «ደረስኩ በቃ!» አልኩት። ገና ጣርማ በርን እንኳ አላለፍኩም። ስለዚህ ረዳቱን ብቻ አልወቅስም።

እንግሊዞቹም ጋ «ሱን» ብቻውን አይደለም። «አኖን» የሚል የድሮ ቃል አለ፤ ሲፈታ «በአንድ» እንደማለት ነው። የእኛን «ባንዴ» አስቢው። እሱም ከ«አሁኑኑ» ተነስቶ «ቆይ ትንሽ» ላይ ደረሰ። በሼክስፒር «ሄንሪ አራተኛ» ተውኔት አንድ የመጠጥ ቤት አሳላፊ አለ፤ በተጠራ ቁጥር «አኖን፣ አኖን፣ ጌታዬ!» ይላል። እኔ ብተረጉመው «መጣሁ፣ መጣሁ!» ነበር የምለው። «ፕረዘንትሊ» የሚባለውም ያንኑ መንገድ ሄዷል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ «ባይ ኤንድ ባይ» ነው። በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ብትከፍቺ፣ ማርቆስ 6፥25 ላይ የሄሮድያዳ ልጅ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ «ባይ ኤንድ ባይ» እንዲሰጣት ትጠይቃለች። የዛሬ አንባቢ «ሲመችህ፣ ቀስ ብለህ» ያለች ሊመስለው ይችላል። እሷ ግን አሁኑኑ ማለቷ ነው። ዳዊት በሚደግም ሰው ቤት አድጌ፣ እንግሊዝኛውን መጀመሪያ ሳነብ ግራ ተጋብቼ ነበር።

ለወንድምሽ ደግሞ ለፈተና የሚጠቅመው አንድ ነገር ልጨምር። የጥንቱ ፍጥነት ጨርሶ አልጠፋም። «አስ ሱን አስ» በሚለው አባባል ውስጥ እስካሁን አለ። እዚያ ጋ «በቅርቡ» ብሎ ከተረጎመ ይሳሳታል፤ በአማርኛ «እንደ» ብለን ግሡን የምናስከትልበት ነው። «እንደደረስክ ደውል» ስንል መሃል ላይ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ አልሰጠነውም።

አንቺም ካፌው እንደተከፈተ ደውይልኝ። መጣሁ።