ከሲኦቱ ወደ ፋይበር ለምትሻገሩ ወጣት ሌዘር ቆራጮች

ልጆቼ፣

በማስታወቂያ ቤት በሲኦቱ፣ ማለትም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በሚሠራው ሌዘር፣ አክሪሊክና ኤምዲኤፍ ስትቆርጡ ቆይታችሁ ወደ ላሜራ ቤት፣ ብረት ወደሚቆርጠው ፋይበር ሌዘር የምትሻገሩ ብዙዎች ናችሁ። ሙያችሁ አብሯችሁ ይሻገራል። ልማዳችሁ ግን ሁሉም መሻገር የለበትም፤ ሁለቱ ጨረሮች ዓይን ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ለየቅል ነውና።

የሲኦቱ ጨረር የሞገድ ርዝመት 10,600 ናኖሜትር ነው። እርጥበት ያለው ነገር ሁሉ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ዓይን ላይ ሲያርፍ የሚያቃጥለው የፊተኛውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያን ነው። ያማል፣ ያስለቅሳል፣ ጠባሳም ሊተው ይችላል። ሰውየው ግን መጎዳቱን ያውቃል። የፋይበሩ ጨረር 1,070 ናኖሜትር አካባቢ በመሆኑ ኮርኒያን አልፎ ይገባል። የዓይን ሌንስ ሰብስቦ ከዓይን በስተኋላ ብርሃን በሚቀበለው ሽፋን፣ በሬቲናው ላይ አንዲት ነጥብ ያደርገዋል፤ በዚያች ነጥብ ላይ ብርታቱ እስከ 100,000 እጥፍ ይደርሳል። ሬቲና ደግሞ ሕመም አይሰማውም። የሚታየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ጨረሩን አታዩትም፤ ደማቅ ብርሃን ሲመጣ በሩብ ሰከንድ የሚከደነው የዓይን ቆብም ያላየውን አይከላከልም። ማሽኑ ላይ የምታዩት ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ነው እንጂ ቆራጩ ጨረር አይደለም። ይህን ቀላቅሎ የያዘ ልጅ ቀዩ ሲጠፋ ሌዘሩም የጠፋ ይመስለዋል።

ከ0.5 ዋት በላይ ያለው ሌዘር በአደገኝነት ደረጃ ከሁሉ የከፋው፣ አራተኛ ክፍል ይባላል። ከዚህ ክፍል ጨረር ፈዛዛ ብረት ላይ ተበትኖ የሚመለሰው እንኳ ዓይን ሊጎዳ ይችላል፤ የእናንተ ማሽን ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ዋት አለው። ዙሪያውን የተሸፈነ ማሽን አንደኛ ክፍል ተብሎ የሚሸጠው ሽፋኑና የበሩ ሴንሰር ስላሉት ብቻ ነው። ሴንሰሩን በማግኔት ወይም በሽቦ ስታታልሉት አራተኛ ክፍል ሌዘር ቤቱ ውስጥ ለቀቃችሁ ማለት ነው። ሴንሰሩ ያለ ምክንያት ሥራ የሚያስቆም ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አቧራ ወይም የላላ ብሎን ነው። ጥረጉት፣ አጥብቁት፣ ካልሆነ ቀይሩት። የተቆረጠ ቁራጭ ተነሥቶ ኖዝሉን፣ ጨረሩ የሚወጣበትን አፍ፣ ሊመታ ሲል በሩን ለመክፈት አትሩጡ፤ መጀመሪያ ማሽኑን አቁሙ።

አሁን ወደ መስኮቱ። ሲኦቱ ማሽን ላይ ያለው ጥርት ያለ አክሪሊክ ክዳን ያንን ጨረር ይውጣል። ለፋይበር ጨረር ግን ያው አክሪሊክ እንደ ተከፈተ መስኮት ነው። የፋይበር ማሽን መስኮት ሲሰነጠቅ ከማስታወቂያ ቤት አክሪሊክ አስቆርጦ መተካት ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው እላለሁ፤ ውጭውን ላየ ሰው ምንም የጎደለ አይመስልምና። መስኮቱም ሆነ መነጽሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፦ የሞገድ ርዝመቱ 1,070ን ማካተት አለበት፣ ኦዲ የሚባለው ቁጥርም የማሽኑ መመሪያ ከጠየቀው ማነስ የለበትም። ኦዲ በአንድ በጨመረ ቁጥር የሚያልፈው ብርሃን በአሥር እጥፍ ይቀንሳል፤ ኦዲ 6 የሚያሳልፈው አንድ ሚሊዮንኛውን ነው። የፀሐይ መነጽርም ሆነ የብየዳ መስታወት ይህን አይተካም። መነጽሩ የተሰራጨ ጨረር ለመከላከል እንጂ ጨረሩን ፊት ለፊት ለማየት አልተሠራም። የተጫረውን ጣሉት።

በእጅ የሚያዘው የፋይበር መበየጃ ሽፋን ስለሌለው የበለጠ ያሳስበኛል። ብዙዎቹ ኖዝሉ ብረቱን ካልነካ እንዳይተኩሱ በሚበየደው ብረት ላይ የሚቆነጠጥ ሽቦ አላቸው። ያንን መቆንጠጫ ራሱ ኖዝሉ ላይ የሚያስሩ አሉ፤ ያኔ መሣሪያው ወደ ሰው ፊት ቢዞርም ይተኩሳል።

ማስታወቂያ ቤት ለምትቀሩት ደግሞ ዋናው ጭሱና እሳቱ ነው። ፒቪሲ የተባለውን ፕላስቲክ አትቁረጡ። ሲቃጠል የሚወጣው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ሳንባ ይጎዳል፤ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝም አሲድ ሆኖ የማሽኑን ሐዲድ ያዝገዋል። ፕላስቲኩን ካላወቃችሁት ደጅ ውጡና የመዳብ ሽቦ አግላችሁ ነካ አድርጉት፣ ከዚያ ሽቦውን እሳት ውስጥ መልሱት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፤ አትቁረጡት። አክሪሊክ ሲቆረጥ የሚወጣው ትነት ይነዳል፤ ስለዚህ ነፋሹ አየር ሳይሠራ አትጀምሩ፣ ፍርፋሪውን በየቀኑ ጥረጉ፣ ማሽኑን ትታችሁ ለቡና አትውጡ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቺለሩ (የውሃ ማቀዝቀዣው) እና ጭስ መሳቢያው መነሣታቸውን ሳታዩ ሥራ አትቀጥሉ፤ ጨረሩን የሚያመነጨው ቱቦ ውሃ ሲያጣ ይሰነጠቃል። የቱቦው ኃይል ሰጪ ከ20,000 ቮልት በላይ ያወጣል፣ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ኃይል ይይዛል። ሽፋኑን የሚከፍተው የሠለጠነ ሰው ብቻ ይሁን።

ስቴንለስ በናይትሮጅን የምትቆርጡ፣ የክፍሉን በርና መስኮት ክፍት አድርጉ። ናይትሮጅን ሽታ የለውም፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ካፈሰሰ ኦክስጅኑን ይገፋል፣ ሰውም ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። የኦክስጅን ሲሊንደር ማሰሪያ ላይ ግን ቅባት የነካው እጅ አይድረስ፤ ቅባት በኦክስጅን ግፊት ይቀጣጠላል።

ድንገት ብልጭታ ካያችሁ፣ ከዚያም ዓይናችሁ ላይ የማይጠፋ ጥቁር ነጠብጣብ ከቀረ፣ እስከ ነገ አትጠብቁ፣ ዓይናችሁንም አትሹት። ያው ቀን የሬቲና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ማሽኑ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ የሞገድ ርዝመቱንና ዋቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ለሐኪሙ አሳዩት።