ክሬዲት አስቀድሞ መሰብሰብ፦ ከአንባቢዎች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች የመጡት በአሜሪካ ኮሌጆች በርቀት ዲግሪ ለመማር ካሰቡና ከመመዝገባቸው በፊት በአነስተኛ ወጪ ክሬዲት ማጠራቀም ከጀመሩ አንባቢዎች ነው።

ጥያቄ፦ በክሌፕ (ክፍል ሳይገቡ በፈተና ብቻ የኮሌጅ ክሬዲት በሚያስገኘው ፕሮግራም) ያለፍኩት ፈተና ጂፒኤዬን ከፍ ያደርግልኛል?

መልስ፦ አያደርግም፤ ዝቅም አያደርገውም። ትራንስክሪፕቱ ላይ የሚሰፍረው ክሬዲቱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አንዲት አንባቢ በሦስት ወር ውስጥ በሶፊያ፣ ማለትም በወርሃዊ ክፍያ የኦንላይን ኮርስ በሚሰጠው ድርጅት፣ 14 ኮርሶች ጨርሰው 42 ክሬዲት ያዙ። ኮሌጁ 42ቱንም ተቀብሎ ለአካውንቲንግ ዲግሪያቸው የቆጠረላቸው ግን 18ቱን ብቻ ነው። «ተታለልኩ ወይ?» ይላሉ።

መልስ፦ አልተታለሉም፤ መጨረሻ የሚመጣውን መጀመሪያ ስላደረጉት ነው። በዚህ ጉዳይ በየጊዜው ደብዳቤ ስለሚደርሰን ዘርዘር አድርገን እንመልሰው።

የሶፊያን ኮርሶችና የክሌፕን ፈተናዎች የሚመዝነው የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት፣ በተለምዶ ኤስ የሚባለው፣ «ይህ 3 ክሬዲት ይገባዋል» ብሎ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ማንንም አያስገድድም። የመጨረሻው ውሳኔ የተቀባዩ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይወስናል፤ አንዴ ክሬዲቱን ለመቀበል፣ አንዴ ደግሞ የት እንደሚያውለው። የባችለር ዲግሪ 120 ክሬዲት ለሦስት ይከፈላል፦ አጠቃላይ ትምህርት፣ የሙያው ኮርሶችና ነፃ ምርጫ፣ ማለትም ኤሌክቲቭ። እንደ አካውንቲንግ ባሉ ዘርፎች የኤሌክቲቩ ቦታ ጠባብ ነው። እሱ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ትራንስክሪፕት ላይ ይታያል እንጂ ወደ ዲግሪው አንድ እርምጃ አያስጠጋም። የእርስዎ 24 ክሬዲት የደረሰበት ይህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮሌጁንና ዘርፉን ይምረጡ። የዘርፉን የኮርስ ዝርዝር ከወቅቱ ካታሎግ አውርደው፣ ከእያንዳንዱ ግዴታ ጎን በርካሽ ሊወስዱት ያሰቡትን ኮርስ ወይም ፈተና ይጻፉ። ከዚያ ለኮሌጁ የትራንስፈር ክፍል በኢሜይል ይላኩት። «ሶፊያን ትቀበላላችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ «አዎ» ይሆንና ምንም አይጠቅምዎትም። «ይህ ኮርስ በዚህ ዘርፍ ይህን ግዴታ ይሸፍናል ወይ?» ብለው ኮርስ በኮርስ ይጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ በስልክ የተነገረ ቃል የግምገማው ቀን አይገኝም።

ዝርዝሩን ሲያዘጋጁ ሦስት ነገር ያስታውሱ። በክሌፕ ሳይኮሎጂ ካለፉ በኋላ ያንኑ በሶፊያ ቢደግሙት የሚቆጠረው አንዴ ነው። ዲግሪው ባለ 300 እና ባለ 400 ቁጥር ከፍተኛ ኮርሶችን ይጠይቃል፤ ከክሌፕና ከሶፊያ የሚገኘው ግን በአብዛኛው የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ደረጃ ነው። ብዙ ኮሌጆች ደግሞ ቢያንስ 30 ክሬዲት ከራሳቸው እንዲወሰድ ስለሚያስገድዱ፣ ከውጭ 90 ካመጡ ከዚያ በላይ ያለው ድካም ብቻ ነው።

አሁን ምን ያድርጉ? ሌላ ኮርስ አይጀምሩ። ያልተቆጠሩትን የ24ቱን ክሬዲት ኮርሶች ሲላበስ (የኮርስ ዝርዝር መግለጫ) አያይዘው ድጋሚ ግምገማ ይጠይቁ። እዚያው ኮሌጅ ውስጥ ሰፊ የኤሌክቲቭ ቦታ ያለው ተቀራራቢ ዘርፍ ካለም ያወዳድሩ። ሲፒኤ፣ ማለትም ፈቃድ ያለው አካውንታንት፣ የመሆን ሐሳብ ካለዎት ግን ዘርፍ ከመቀየርዎ በፊት የስቴትዎን የአካውንታንሲ ቦርድ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከሁሉ ርካሹ መንገድ የቱ ነው?

መልስ፦ ሞደርን ስቴትስ የሚባለው ድርጅት ለክሌፕ የሚያዘጋጁ ነፃ ኮርሶች አሉት። ኮርሱን ሲጨርሱ የፈተናውን ክፍያ የሚሸፍን ቫውቸር ይጠይቃሉ፤ ያለ እሱ ፈተናው ወደ 100 ዶላር ይጠጋል። ቫውቸሩ ሳይደርስዎ ከፍለው አይመዝገቡ። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ሲሆን የተለመደው ማለፊያ 50 ነው፤ አንዳንድ ኮሌጅ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስህተት መልስ ነጥብ ስለማይቀንስ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር። ከወደቁ ያንኑ ፈተና ለመድገም ሦስት ወር መጠበቅ አለ፤ ስለዚህ የሚያዳግትዎትን መመዝገቢያ ቀን ሲቃረብ አይውሰዱ። ሶፊያ በወር 99 ዶላር ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚከፈተውም ሁለት ኮርስ ብቻ ነው፤ ጊዜ ያለው ሰው በወር ብዙ ይጨርሳል፣ ጊዜ የሌለው ግን ለባዶ ወር ይከፍላል።

ጥያቄ፦ ፔል ግራንት (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ድጋፍ) የክሌፕን ወጪ ይሸፍናል?

መልስ፦ አይሸፍንም፤ ፔል ኮሌጅ ውስጥ ተመዝግቦ ለሚማር ነው። ግን ፔል የሚገባዎት ከሆነ የአካባቢዎን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሒሳብ ይሥሩ። ክፍያው በሙሉ ሊሸፈንልዎት ይችላል፣ ክሬዲቱም ከነማርኩ ስለሚመጣ የሚቀበለው ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ አማርኛዬ ክሬዲት ያስገኝልኛል?

መልስ፦ በክሌፕ አይሆንም፤ የቋንቋ ፈተናዎቹ ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ብቻ ናቸው። አክትፍል የሚባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው የቃል ችሎታ ፈተና ግን በአማርኛም ይሰጣል፤ የኤስ የክሬዲት ሐሳብም አለው። ከመክፈልዎ በፊት ኮሌጁ መቀበሉን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምሬ አቋርጫለሁ። ከክሌፕና ከዚህ የትኛው ይቅደም?

መልስ፦ ትራንስክሪፕቱ ይቅደም። ናሴስ የሚባለው የውጭ አገር ትምህርት ገምጋሚዎች ማኅበር አባል በሆነ ገምጋሚ፣ ኮርስ በኮርስ ይገምገም፤ ጥቅሉን ብቻ የሚመዝነው ርካሹ ግምገማ ለትራንስፈር አይበቃም። ኮሌጁ የትኛውን ገምጋሚ እንደሚቀበል አስቀድመው ይጠይቁ። ገምጋሚዎች ብዙውን ጊዜ ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከሬጅስትራሩ እንዲላክ ስለሚፈልጉ ጊዜ ይፈጃል፤ ዛሬውኑ ይጀምሩ። ውጤቱ ሳይመጣ ካልኩለስ በክሌፕ ቢወስዱ የተማሩትን እንደገና ገዙት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ነርሲንግ ለመግባት ኬሚስትሪንና አናቶሚን በኦንላይን ብጨርስስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ የእኛን ቃል ይዘው አንድ ዶላር እንዳያወጡ። የሚያመለክቱበትን የነርሲንግ ፕሮግራም ራሱን፣ ከዚያም የስቴቱን የነርሲንግ ቦርድ ይጠይቁ። ላብራቶሪ የሌለው ወይም ማርክ የሌለው የሳይንስ ኮርስ የማይቀበሉ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ የተማሩት 5 ወይም 7 ዓመት ካለፈው ድገሙት የሚሉም አሉ።

ጥያቄ፦ «የሕይወት ልምድዎን በሁለት ሳምንት ወደ ዲግሪ እንቀይራለን» የሚል ማስታወቂያ አየሁ።

መልስ፦ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ ዓመቱን በሩብ ከፍሎ ከሚያስተምር ኮሌጅ 90 የኳርተር ክሬዲት አለኝ፤ ስንት ሴሚስተር ክሬዲት ይሆናል?

መልስ፦ 60። በሁለት አባዝተው ለሦስት ያካፍሉ።