ማጣቀሻና ዞተሮ፦ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ቴሲስ የያዛችሁ ስለ ኢንተርኔት ምንጮች የጠየቃችሁኝን እንዳመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ማጣቀሻ ለመያዝ በየትኛው ሶፍትዌር ልጀምር? የምከፍለው የለኝም።
መልስ፦ በዞተሮ። ነፃ ነው። ብራውዘርህ ላይ ኮኔክተር የሚባለውን የዞተሮ ተቀጥላ ጫን። ከዚያ ገጹን ከፍተህ ምልክቷን ስትነካ ርዕሱን፣ ጸሐፊውንና ቀኑን ለቅሞ ያስገባል። አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ሁሌ አንዴ ቃኘት አድርገው። ኦንላይን የሚሰጥህ ነፃ ቦታ 300 ሜጋባይት ብቻ ነው። ፒዲኤፍ ካበዛህ ቶሎ ይሞላል።

ጥያቄ፦ ዞተሮ አበበ ከበደን «ከበደ፣ አ.» እያለ አስቸገረኝ።
መልስ፦ እኔንም ስንቴ አናዶኛል! የአባት ስም የቤተሰብ ስም ይመስለዋል። «ከበደ እንዳሉት» ብለሽ ስትጽፊ እኮ ያናገርሽው አባትየውን ነው። ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ጫኚ፤ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። እዚያ «አበበ ከበደ» ብለሽ ሙሉውን ጻፊ፤ አያገላብጠውም። በአባት ስም ካልሆነ የሚል ጆርናል አለ፤ መመሪያውን ቀድመሽ እዪ። ብቻ አንዱን ሰው አንዴ አበበ፣ አንዴ ከበደ እንዳታደርጊው። ሁለት ሰው ይሆናል።

ጥያቄ፦ የጋዜጣው ቀን በእኛ አቆጣጠር ከሆነስ?
መልስ፦ መስከረም 2016 በፈረንጅ 2023 ነው። ሶፍትዌሩ ይህን አያውቅልዎትም፤ 2016 ብሎ ዝም ይላል። ራስዎ ይቀይሩት፣ የእኛውን ቀን ማስታወሻው ላይ ያኑሩት።

ጥያቄ፦ ሊንኩ ቢጠፋስ?
መልስ፦ ይጠፋል። ባነበብክበት ዕለት አድራሻውን የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያኖረው ዌይባክ ማሽን ላይ አስቀምጥ፣ የቅጂውንም ሊንክ ያዝ። ዞተሮ ያስቀረልህ ቅጂ ላንተ እንጂ ለፈታኝህ አይታይም።

ጥያቄ፦ ቻትጂፒቲ 10 ማጣቀሻ ሰጠኝ። ልጠቀምባቸው?
መልስ፦ ሳታጣሪ? በጭራሽ። እውነተኛ ጸሐፊና እውነተኛ ጆርናል አጋብቶ የሌለ ጽሑፍ ይወልዳል። ዲኦአይ የሚባለውን የጽሑፉን መለያ ቁጥር ኮፒ አድርገሽ ዞተሮ ላይ አስገቢ። ምንም ካላገኘ ጠርጥሪ። ሌላ ርዕስ ይዞ ከመጣ ተበልተሻል። ትክክለኛው ቢመጣም ጽሑፉ ያልሺውን ማለቱን አንብበሽ አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ ጆርናሉ ራሱ የሻረውን ጽሑፍ እንዴት ልወቅ?
መልስ፦ ዞተሮ የተሻሩ ጥናቶችን ከሚመዘግበው ከሪትራክሽን ዎች መዝገብ ጋር እያመሳከረ በቀይ ያስጠነቅቅሃል። ይህ ግን ለጥናት ጽሑፎች ነው። የዜና ድረ ገጽ ትናንት የጻፈውን ዛሬ በዝምታ ቢያርመው ማንም አይነግርህም።