ለፎቶግራፍና ለጂኦካቺንግ የሚሆን የእጅ ጂፒኤስ አመራረጥና አጠቃቀም

ውድ ጠያቂያችን፣ በሐዋሳ ዙሪያ ፎቶ ሲያነሱ ቦታውን ለመመዝገብና ጂኦካቺንግ (ሌሎች ሰዎች የደበቁትን ዕቃ በጂፒኤስ እየተመሩ የመፈለግ ጨዋታ) ለመጀመር ስልክዎ ይበቃ እንደሆነ፣ ካልበቃም የትኛውን የእጅ ጂፒኤስ ቢገዙ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም ሐዋሳ ነዋሪ ሆኜ ሁለቱንም ለዓመታት ስለተጠቀምኩባቸው ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ።

ስልክ ኔትወርክ በሌለበት ቦታም የሳተላይት ምልክት ይቀበላል። ካርታውን አስቀድመው ካወረዱ፣ ታቦር ተራራ ወጥቶ ለመመለስ ወይም አሞራ ገደል ወፎችን ለማንሳት ሌላ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። ከንጋት እስከ ምሽት መንገድዎን ሳያቋርጥ እንዲመዘግብ ሲፈልጉ ግን ባትሪው ቶሎ ይደክማል፣ ፀሐይ ላይም ይግላል። ወደ ሰንቀሌ ወይም ወደ ባሌ ተራሮች ዘወትር የሚጓዝ ሰው ራሱን የቻለ ጂፒኤስ ቢይዝ ይሻለዋል።

ለዚህ የምመክረው በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን የጋርሚን ኢትሬክስ ቤተሰብ ነው፤ ድንጋዩ ቢያልቅ በየትኛውም ከተማ ካለ ሱቅ ተገዝቶ ይተካልና። 22ኤክስ እና 32ኤክስ የተባሉት በአምራቹ ገለጻ እስከ 25 ሰዓት ይሠራሉ። ዋና ልዩነታቸው 32ኤክስ ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስና በአየር ግፊት ከፍታ የሚለካ ክፍል ያለው መሆኑ ነው። ኮምፓስ የሌለው መሣሪያ አቅጣጫ የሚያውቀው እርስዎ ሲራመዱ ብቻ ስለሆነ፣ የተደበቀው ዕቃ አጠገብ ደርሰው ሲቆሙ ቀስቱ ይዋልላል። ስለዚህ ለጂኦካቺንግ አቅም ከፈቀደ 32ኤክስን ይምረጡ፤ ድንጋይ በቀየሩ ቁጥር ግን ኮምፓሱን እንደገና ያስተካክሉት። ካሜራ ለተገጠመላቸው ውድ ጂፒኤሶች ገንዘብ ማውጣት፣ ጥሩ ካሜራ ላለው ሰው ጥቅሙ አይታየኝም።

ለፎቶግራፍ ከመሣሪያው ዓይነት ይልቅ ትልቁ ጉዳይ ሰዓት ነው። ጂፒኤሱ የተጓዙበትን መስመር ከነሰዓቱ ይመዘግባል፤ ቤት ሲመለሱ እንደ ዲጂካም ወይም ላይትሩም ያለ ፕሮግራም የፎቶውን ሰዓት ከመስመሩ ሰዓት ጋር አመሳክሮ ቦታውን ይጽፍበታል። እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ጣጣ አለ። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 8፡00 ነው፤ የመስመሩ ፋይል ውስጥ ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት 5፡00 ተብሎ ይመዘገባል። ካሜራዎን በአገር ቤት ሰዓት ከሞሉት ፕሮግራሙ ፎቶውን ከቦታው ጋር ማገናኘት ያቅተዋል፣ ወይም የስድስት ሰዓት ልዩነት ያለበትን ሌላ ቦታ ይሰጠዋል። ስለዚህ ካሜራውን በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት፣ ማለትም ጠዋት 2 ሰዓትን 8፡00 በሚለው አቆጣጠር ይሙሉት፤ ከቤት ሲወጡም በመጀመሪያ የጂፒኤሱን የሰዓት ገጽ ፎቶ ያንሱት፤ ልዩነቱ በሰከንድ ደረጃ ይታወቅልዎታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ መኪና ውስጥ የአንድ ደቂቃ ስህተት ማለት አንድ ሙሉ ኪሎ ሜትር መሆኑን ልብ ይበሉ።

ሌላው በጥንቃቄ ሊያዩት የሚገባው የካርታ መነሻ ልኬት፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮች የሚሰሉበት መሠረት ነው። ጂኦካቺንግ የሚጠቀመው ደብልዩጂኤስ 84ን ሲሆን፣ የአገራችን ነባር የ1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት ግን አዲንዳን በተባለው ልኬት ነው። ከወረቀቱ ያነበቡትን የዩቲኤም ቁጥር (ቦታን በሜትር የሚገልጽ ቁጥር) ልኬቱን ሳይለውጡ ወደ ጂፒኤሱ ካስገቡት ቦታው 200 ሜትር ያህል ይስታል።

የአሜሪካ መንግሥት ሆን ብሎ ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚላከውን የጂፒኤስ ምልክት ማዛባቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ነው፤ የመጀመሪያው የጂኦካቺንግ ዕቃም በማግስቱ ኦሪገን ውስጥ ተቀመጠ። ዛሬ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ቢስት ነው፤ በወንዶ ገነት ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ግን ምልክቱ ከዛፍና ከገደል እየነጠረ ስለሚመጣ ስህተቱ ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ቁጥሩን አምኖ አንድ ነጥብ ላይ ከመመላለስ ይልቅ፣ ዙሪያውን በዓይን መፈተሽ ይሻላል።

ራስዎ ዕቃ መደበቅ ሲፈልጉ ቦታውን በአንድ ንባብ ብቻ አይመዝግቡ፤ መሣሪያው አማካይ እንዲያወጣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ቢቻል በሌላ ቀን ተመልሰው ይድገሙት። ከሌላ ዕቃ ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት፣ መሬት ተቆፍሮም አይቀበርም። የቦታውን ባለቤት ወይም ጠባቂ አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ በዛፍ ሥር የተሸጎጠ ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ የአካባቢውን ሰው ያስደነግጣል። የወፍ ጎጆ ያለበትን ፎቶ ለሌሎች ሲያጋሩም የቦታውን ቁጥር ከፋይሉ ላይ አጥፍተው ይላኩ።